ከወንጌል ኅዳግ እስከ አረንጓዴው ደብተር፦ የመሬት መዝገብ በጎንደር

1. መዝገብ ለምን አስፈለገ

ስለ መሬት በአገራችን የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል?» በሚለው ጥያቄ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቆማል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ አለ፤ አንድ ሰው «ይህ ማሳ የእኔ ነው» ባለ ጊዜ ቃሉን የሚያጸናለት ማነው? ጎረቤቱ ነው? ዳኛው ነው? ወይስ መሬቱን የሰጠው ሹም ራሱ? ጎንደር ከተማና ከእርሷ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ደጋ፣ ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ ለዚህ ጥያቄ የብዙ ዘመን መልስ አላቸው። ያ መልስ ወደ አንድ ድምዳሜ ያደርሰኛል፤ ንብረት የሰውን ነጻነት የሚጠብቀውና ኑሮውን የሚያሻሽለው፣ መብቱ የሰፈረበት መዝገብ መሬት ከሚሰጠውና ከሚነሳው ሹም እጅ ውጭ ሲቆም ነው። መዝገቡ በሹሙ እጅ ከገባ፣ ሕጉ የግል ነው ቢልም የመንግሥት ነው ቢልም፣ ባለመሬቱ ደጅ ጠኚ ሆኖ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ደጋ መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ የዘር ሐረጉ በወንድም ይምጣ በሴት፣ ከዚያ አባት መሬት ድርሻውን የመጠየቅ መብት አለው። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትወርሳለች። አንድ ሰው በእናቱ በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በአባቱ በኩል በሌላ አጥቢያ ሊጠይቅ ይችላል። አገር ለቆ የሄደውም መብቱ አይቃጠልበትም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። ይህ ለሰው ነጻነት ትልቅ ነገር ነበር። ሰውየው ነግዶ ምጽዋ ቢወርድ፣ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ከደብር ደብር ቢዞር፣ ዘምቶ ዓመታት ቢቆይ፣ ተመልሶ ዘሩን ቆጥሮ መሟገት ይችላል። ነገር ግን የርስት ድክመትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ለሄደው የሚጠበቀው መብት በቀረው ላይ ስጋት ይጥላል፤ ዛሬ የሚያርሰው ሰው ነገ ከየት የሚመጣ ባላንጣ እንደሚነሳበት አያውቅም። ማስረጃው የዘር ቆጠራ በመሆኑ በሽማግሌዎች ትውስታ ላይ ያርፋል፤ ሽማግሌም ሰው ነውና፣ ጉልበትና ዘመድ ወዳለው የሚያዘነብልበት ጊዜ አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጉልት ነበረ። ባለ ጉልቱ መኮንን ወይም ደብር የርስተኛውን ግብር ይሰበስባል፤ ርስቱን ግን መንቀል አይችልም። ርስት በጽሑፍ ሳይሰፍር ለብዙ ዘመን የቆየው ይህ ልማድ በሁለቱም ወገን የሚታወቅና የሚከበር ስለነበረ ነው። ጽሑፍ የግድ የሆነው ዘር ቆጠራ የማያስረዳው ነገር፣ ግዢ፣ ሲመጣ ነው።

2. የወንጌሉ ኅዳግ

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ፣ ካህኑ፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው በአንድ ቦታ ተሰባሰቡ። ቤትና የእርሻ መሬት የሚሻው ሰው በዛ፤ ከአካባቢው ዋና አባት የማይወለደውም እንዲሁ። ስለዚህ መሬት ይሸጥና ይገዛ ጀመር። በተለይም በ1730ዎቹ እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋምን ደብር ካሠሩ ወዲህ የሽያጭ፣ የስጦታ፣ የኑዛዜና የእርቅ ቃል በየአድባራቱ የወንጌልና የሌሎች መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ መጻፉ የተለመደ ሆነ። ዶናልድ ክራሚና ኢትዮጵያውያን የታሪክ ተመራማሪዎች ያሰባሰቧቸውና ያጠኗቸው እነዚህ ጽሑፎች የጎንደር ዘመን መሬት ሳይንቀሳቀስ የኖረበት ዘመን ነው የሚለውን የቆየ አስተያየት አፍርሰዋል። መሬት በወርቅ ወቄት፣ በአሞሌ ጨው፣ በኋላም በማርያ ትሬዛ ብር ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹና ከሻጮቹ መካከል ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ እቴጌይቱ ራሳቸውም መሬት ገዝተዋል።

የአንዱን ጽሑፍ አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መነሻው በዚያን ጊዜ በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች ይጠራል፤ ንጉሡን፣ ራስ የተባለውን መስፍን፣ የደብሩን አለቃ። ዛሬ ቀንና ቁጥር የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሹማምንቱ ስም ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ማን ከማን እንደገዛ፣ መሬቱ የት እንደሚገኝና በስንት እንደተሸጠ ይገልጻል። ከዚያ ዋሶቹና ምስክሮቹ በስም ይዘረዘራሉ። አንዳንዴ ቃሉን የሚያፈርስ ሰው በግዝት እንዲታሰር ይጨመርበታል። የዋሱ ቦታ እዚህ ላይ የሚደነቅ ነው። በርስት አገር የገዢው ትልቁ ፍርሃት ከሻጩ ዘመዶች አንዱ ነገ ተነስቶ «የአያቴ ነው» እንዳይለው ነው፤ ዋሱ የሚጠራው ያ ቀን ሲመጣ እንዲመልስ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንጂ በገዢው ቤት ወይም በሹሙ ግምጃ ቤት አይደለም። መስፍኑ ቢሻር፣ ንጉሡ ቢወርድ፣ በዘመነ መሳፍንትም እንደሆነው የአገሩ ገዢ በየጊዜው ቢቀያየር ገጹ እዚያው ይቆያል። ከቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ይልቅ የዚያን ዘመን ሰው በራሱ ጉዳይ እንዴት እንደሚወስን የሚያሳየን ይህ ገጽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናት ለልጇ ስታወርስ፣ ባለ ዕዳ መሬቱን ሸጦ ዕዳውን ሲከፍል፣ መነኩሲት ለነፍሷ መታሰቢያ ስትሰጥ የምናገኛቸው በእርሱ ላይ ነው።

3. ከመዝገቡ ውጭ የቀሩት

«ይህ የጥቂቶች ነጻነት ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም ነው። በጎንደር ዙሪያ በብዛት ሲሸጥና ሲለወጥ የምናየው ሪም የሚባለው፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ግዴታ ተብሎ የተሰጠ መሬት ነው። ባለ ሪሞቹ ካህናት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ነበሩ፤ መሬቱን የሚያርሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዜጋ ይባሉ የነበሩ፣ የራሳቸው መሬት የሌላቸው ሰዎች። መዝገቡ የባለ ሪሙን ስም እንጂ የእነርሱን መብት አላሰፈረም።

የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ የበለጠ መራራ ነው። በትውፊት በአፄ ይስሐቅ ዘመን (ከ1406 እስከ 1421) ወጣ ተብሎ የሚነገረው አዋጅ ክርስትና ያልተነሳ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ በሌላ ሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸምነውና ግንብ ገንብተው ኖሩ። የጎንደር ግንቦችና አድባራት የእነርሱም እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ የሠሩበት አገር መሬት ግን በስማቸው አልተጻፈም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ በተለየ ሰፈር እንዲቀመጥ ሲወሰን ርስት በአብዛኛው የተዘጋበት ያ ማኅበረሰብ ኑሮውን በንግድ ላይ መሠረተ፤ ንግዱ የጎንደርን ገበያ ከምጽዋና ከመተማ ጋር አያያዘ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ጠቅሰው ሀብት ያለ መሬትም ይገኛል ይላሉ። ይገኛል። ነገር ግን ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ የሹሙን ፊት እያየ የሚኖር ሰው ነበር። የእነዚህ ወገኖች ታሪክ ክርክሬን አያፈርስም፤ ከመዝገቡ ውጭ መቅረት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳየው እንዲያውም እርሱ ነው። ስህተቱ ንብረት መመዝገቡ ላይ አልነበረም፤ የሚመዘገበው ሰው በሃይማኖቱና በዘሩ መመረጡ ላይ እንጂ።

4. እሳት፣ ልኬታና ግብር

አፄ ቴዎድሮስ የአድባራቱን መሬት ቀንሰው ለወታደር ማደሪያ ለማድረግ ሲነሱ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ በ1859 ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። ከየደብሩ የተወሰዱት መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ብዙዎቹ ወደ ለንደን ተጓዙ። የቁስቋም ሰዎች የመሬት ውል ያለባቸው ገጾች ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በ1880 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ፤ ከጥፋቱ ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የወንጌሉ መዝገብ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ከሹም ሹመትና ሽረት ተጠብቆ ነበር፤ ከእሳትና ከዘራፊ ግን የሚጠብቀው ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ይዞት የመጣው ሌላ ዓይነት መዝገብ ነው፤ የግብር መዝገብ። ከጣልያን ወረራ በኋላ የዘውዱ መንግሥት መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ መደበ። በጌምድርና ሰሜንን የመሰሉ የርስት አገሮች ግን በየሰው ተለክተው ሳይሆን በጥቅል የቆየ ግብራቸውን መክፈል ቀጠሉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንብረት የመያዝና የማስተላለፍ መብትን ደነገገ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ባለሀብትነትና ስለ መሬት መዝገብ በዝርዝር ጻፈ፤ በ1958 ጉልት በአዋጅ ቀረ። ይህ ሁሉ በወረቀት ነበር። ገበሬው ያየው ልኬታውን ነው፤ ልኬታውን ደግሞ ያመጣው ግብር ሰብሳቢው ነበር። በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ሲያምፅ ከግብሩ ይልቅ ያስፈራው ቀላዱ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ርስቱን እንዳያፈርስበት ነው። ይህን የጨለማ አስተሳሰብ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ። እኔ ግን ፍርሃቱ መሠረት እንደነበረው አምናለሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ቀላድ የብዙ ሰው መሬት ወደ ባላባትና ወደ መንግሥት የተላለፈበት መሣሪያ ነበር፤ የሰሜኑ ገበሬም ይህን ሰምቷል። ግብር የሚጥለውና መብት የሚመዘግበው አንድ እጅ ሲሆን ገበሬው መመዝገብን እንደ ጥበቃ አያየውም።

5. ገበሬ ማኅበር

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ በዕዳ እንዳይያዝና እንዳይከራይ ከለከለ። በደቡብ ጭሰኛው ተደሰተ፤ ደስታውም ትክክል ነበር። በጎንደር ደጋ ጭሰኛው ከርስተኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለነበረ አዋጁ ያፈረሰው በዋናነት የርስትን መብት ነው። ይሁን እንጂ ቤተ እስራኤላውያን መሬት በሕግ የማግኘት መብት ያገኙት በዚሁ አዋጅ ነው፤ ብዙ ዘመን የቆየ በደል በአንድ አንቀጽ ተነሳ። ይህን ሳይጠቅስ ስለ 1967 የሚናገር ሰው ግማሹን ታሪክ ትቷል።

ችግሩ የመጣው ከአወቃቀሩ ነው። መሬት የሚያከፋፍለው፣ ማን ምን እንደያዘ የሚመዘግበው፣ ክርክር ሲነሳ የሚፈርደውና በኋላም ኮታ እህልና ወታደር የሚሰበስበው በአዋጁ የተቋቋመው ያው ገበሬ ማኅበር ሆነ። ርስት በየትም ብትኖር ይጠብቅህ ነበር፤ አዲሱ ድርሻ ግን በቀበሌው ውስጥ ከመኖር ጋር ተያያዘ። ለሥራ ወደ ከተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ የቆየ ሰው ማሳውን ለሌላ ተሰጥቶ ሊያገኘው ይችላል። ሽግሽግ በመጣ ቁጥር ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ያለው ዝምድና ወይም ጠብ በማሳው ስፋትና ለምነት ላይ ይፈርዳል። እንዲህ ያለ ሰው በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሊቀመንበሩን መቃወም ይችላል? ንብረትና ነጻነት የሚገናኙት በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ከተማም አልቀረላትም። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያለ ኪራይ ያላቸው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ተከራዩ በጥቂት ብር መጠለያ አግኝቷል፤ ለድሃው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ቀበሌው በዚያች ኪራይ ጣሪያ መቀየር አልቻለም፤ ተከራዩ የእርሱ ላልሆነ ግድግዳ ገንዘብ አያወጣም። የቀበሌ ቤት ያለበትን የከተማ መንደር ያየ ሰው ውጤቱን በዛገው ቆርቆሮና በወረደው ጭቃ ያውቀዋል።

6. አረንጓዴው ደብተር

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ሲል ደነገገ፤ ለአርሶ አደሩ ግን በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብትን፣ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ደግሞ ሙሉ የግል ባለቤትነትን ሰጠው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1989፣ በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች ይዞታ ወደ አንድ ሄክታር ተቆረጠ። ብዙዎቹ ወንጀላቸው በደርግ ዘመን የቀበሌ ኃላፊነት መያዛቸው ነበር። ካለመነቀል መብት በኋላ ይህ መሆኑ ሕገ መንግሥቱን ገበሬው እንዳያምን አደረገው።

አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የመጣው ይህን እምነት ለመመለስ ነው። ክልሉ በአዋጅ 46/1992 የመሬት አስተዳደር ሕግ አወጣ፤ በ1998 በአዋጅ 133፣ በ2009 ደግሞ በአዋጅ 252 አሻሻለው። በስዊድን እርዳታ በሙከራ ቀበሌዎች የተጀመረው ምዝገባ በመላው ክልል ተስፋፋ። አሠራሩ ከቀበሌ ይጀምራል። ሕዝቡ የመረጠው የመሬት ኮሚቴ ከአዋሳኞቹ ጋር በማሳው ዳር ይቆማል፤ ድንበሩ በገመድ ይለካል፣ በኋላ በተካሄደው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ደግሞ በአየር ፎቶና በካርታ ይነሳል። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ይደረጋል፤ ከዚያ በወረዳው መዝገብ ይገባል። ደብተሩ የባልና የሚስትን ፎቶ ጎን ለጎን ይዟል፤ እያንዳንዱ ማሳ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ተጽፏል። ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍችና ኪራይ ሲኖር መዝገቡ መታደስ አለበት። ክርክር በመጀመሪያ ለሽማግሌ፣ ሳይሆን ሲቀር ለወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የአዋሳኞቹ ስም የጎንደር ጸሐፊዎች በኅዳጉ ላይ ከደረደሯቸው ምስክሮች ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ መብቱ የሚጸናው ጎረቤት ስላወቀው ነው።

ፍሬውም ታይቷል። በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በእርከንና በአፈር ጥበቃ ላይ ይበልጥ እንደሠሩ፣ መሬታቸውንም ያለ ስጋት እንዳከራዩ አሳይተዋል። መሬቷን ማረስ የማትችል መበለት ማሳዋን በእኩል ወይም በኮንትራት ስትሰጥ ተቀባዩ በዚያው እንዳይቀማት ደብተሩ ይከላከልላታል። የባሕር ዛፉም ምስክር ነው። ዛፉ የተካዩ የግል ንብረት በመሆኑ፣ ከማሳው መብት ይልቅ የዛፉ መብት የጠነከረ የመሰለው ገበሬ እርሻውን ሳይቀር በዛፍ ሲሸፍን እናያለን። ሰው የሚተክለው የእርሱ መሆኑን ባመነው ነገር ላይ ነው።

7. «መሬት ከተሸጠ ድሃው ይነቀላል»

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው። ድርቅ ሲመጣ፣ በሬ ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም ገበሬው መሬቱን በርካሽ ሸጦ ከተማ ዳር ይወድቃል፤ ጥቂት ሀብታሞችም አገሩን ይጠቀልላሉ ይባላል። የሰሜንን ድርቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት ሊንቀው አይችልም። ነገር ግን ክልከላው የችግሩን በር እንዳልዘጋ መታየት አለበት። የተቸገረ ገበሬ ዛሬም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ብድሩን እስኪከፍል አበዳሪው ያርሰዋል፤ ዋጋውም በገበያ ሳይሆን በችግሩ ልክ ይቆረጣል። ገበያው ስለተከለከለ ወደ ጨለማ ገባ እንጂ አልጠፋም። በአንጻሩ መሬት የማይሸጥበት አገር የሚነቅለው ሌላ እጅ አለ። በ2008 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጠበቅ የግጭ መንደር ሰዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የዋልያው መኖሪያ መጠበቁ የሚገባ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የመሬቱን ዋጋ የወሰነው ሻጭና ገዢ ተስማምተው ሳይሆን በካሳ ሕግ ነው፤ እንዲህ ያለ ካሳ ደግሞ የሚሰላው ከምርቱ እንጂ ከመሬቱ ዋጋ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ቻይናን ይጠቅሳል፤ መሬት የግል ሳይሆን በለጸገች ይባላል። እውነት ነው፣ መሬቱ አልተሸጠም። የቻይና ገበሬ ያገኘው ግን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኮታውን ካስገባ በኋላ የተረፈውን ምርት ለራሱ የማድረግ መብትና ለ15፣ ቀጥሎም ለ30 ዓመት የጸና ውል ነው። የውሉ ርዝመትና መታመኑ ብዙውን ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ሽያጭን ሙሉ በሙሉ መክፈት ዛሬውኑ የግድ ነው አልልም። ከሽያጭ በፊት የሚቀድመው መብቱ ያለ ሹም ፈቃድ የሚቆም መሆኑ ነው፤ ይህ ሳይኖር ሽያጭ ቢፈቀድ እንኳ ገዢው የሚገዛው የሹሙን መልካም ፈቃድ ብቻ ይሆናል።

8. ዛሬ መዝገቡ ያለበት ቦታ

የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት አሁን የሚመዘግብም የሚቆጣጠርም የሚወስንም ነው። የቀበሌው ኮሚቴ በምርጫ ቢቋቋምም ከቀበሌው አስተዳደር የተለየ በጀት የለውም። ወቅቱን ጠብቆ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት ርቆ በቆየ ቁጥር ይዞታውን የማጣት ስጋት አለበት፤ ሕጉ ለዓመታት ከአካባቢው የጠፋን ሰው መብት ያነሳልና። ስለዚህ ብዙው ሰው ሩብ ሄክታር እየጠበቀ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ሊያገኘው የሚችለውን ሥራ ትቶ። ርስት ይሰጠው የነበረውን የመሄድና የመመለስ ነጻነት በደብተሩ ላይ መጨመር የሕግ ማሻሻያ እንጂ አብዮት አይጠይቅም። በከተማውም የሊዝ አዋጆቹ፣ ከ80/1986 እስከ 721/2004፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ሰጥተዋል፤ ነባር ይዞታ ያለው የጎንደር ነዋሪ ግን ካርታውን ለማስተካከል በየቢሮው መመላለሱ አልቀረለትም።

በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። የወገራ ወይም የጃናሞራ ገበሬ በዚህ መብት በሬ፣ የውኃ ሞተር ወይም ዘር ሊገዛበት ይችላል። ባንኩ ግን የሚያበድረው ይዞታው የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም ክርክር እንዳለበት ከወረዳው ሠራተኛ ደብዳቤ ሳይለምን በመዝገቡ ማየት ሲችል ነው። የኮምፒዩተር መዝገብ አለ፤ ቅጂው ከወረዳው ውጭ፣ ፍርድ ቤትም ባለይዞታውም ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ እንዲቀመጥ፣ ለውጥ ሲደረግበትም ማን እንደለወጠው እንዲታይ ማድረግ የሚቀጥለው ሥራ ነው።